ከየካ አባዶ እስከ ኮዬ ፈጬ፦ ወጣቶች የሚያነቡት ምናባዊ ልብ ወለድ ለምን አከራካሪ ሆነ?

የፈተና ውጤት በሚሰጥበት ሰሞን በየትምህርት ቤቱ የወላጆች ስብሰባ ላይ አንድ ቅሬታ ይደጋገማል። «ልጄ ሌሊቱን ሙሉ ስልክ ላይ ተጥዳ ታድራለች» የሚል ነው። ቲክቶክ መስሏቸው ጠጋ ብለው ሲያዩት መጽሐፍ ሆኖ ያገኙታል። ያውም 500 ገጽ ያለው የእንግሊዝኛ ልብ ወለድ። ውስጡ ጠንቋይ አለ። ዘንዶ አለ። ክንፍ ያለው ልዑል አለ። ወላጅ ደስ ይበለው ወይስ ይደንግጥ?

ሐሳብ የሚከፋፈለው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን «ዋናው ማንበባቸው ነው፣ የፈለጉትን ያንብቡ» ይላል። ሌላው «ይሄማ ንባብ አይባልም፣ መደንዘዣ ነው» ባይ ነው። ሦስተኛው ነገሩን ከእምነት አንጻር ያየዋል፤ ስለ ድግምት የሚያወራ መጽሐፍ ቤቱ እንዲገባ አይፈልግም። አንባቢዎቹ ራሳቸውም አይስማሙም። የመጀመሪያውን ቅጽ በሁለት ቀን የጨረሰ ልጅ ሦስተኛውን «ተንዛዛ» ብሎ ግማሹ ላይ ይጥለዋል።

ክርክሩን የሚያወሳስበው ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎች በአንድ ላይ መነሳታቸው ነው። መጽሐፉ ጥሩ ነው ወይ? ከእምነታችን ጋር ይሄዳል ወይ? ለልጁ ዕድሜ ይመጥናል ወይ? የአንዱ መልስ ለሌላው አይሠራም። እኔ በዚህ ዘርፍ ብዙ ያነበብኩ ሰው ነኝ። የምወድለትም የሚያናድደኝም ነገር አለው። ከሦስቱ ጥያቄዎች ግን አጥብቆ ሊያሳስበን የሚገባው ብዙም የማይነሳው የመጨረሻው ይመስለኛል።

«ያንግ አደልት» ሲባል ምን ማለት ነው?

ያንግ አደልት ማለት በግርድፉ ከ12 እስከ 18 ዓመት ላሉ አንባቢዎች የሚጻፍ መጽሐፍ ነው። የአጻጻፍ ዘውግ አይደለም፤ የአንባቢ ዕድሜን የሚያመለክት የገበያና የቤተ መጻሕፍት ክፍፍል ነው። በዚህ ክፍፍል ውስጥ የፍቅር ታሪክም፣ ወንጀልም፣ ስለ ትምህርት ቤት ሕይወት የሚያወራም ይገባል። ፋንታሲ ወይም ምናባዊ ልብ ወለድ ደግሞ የራሱ ሕግ ያለው ዓለም ፈጥሮ የሚተርክ ነው። በዚያ ዓለም አስማት ይሠራል፣ እንስሳ ይናገራል፣ ነገሥታት በዘንዶ ይዋጋሉ። ሁለቱ ሲገናኙ ነው የዛሬው መነጋገሪያችን የሚመጣው።

ክፍፍሉን መጀመሪያ ያጠናከሩት የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ናቸው። ማኅበራቸው ለወጣቶች አገልግሎት የተለየ ክፍል ያቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1957 ነው። ከአሥር ዓመት በኋላ በ1967 የኦክላሆማ ወጣቶችን ጠብ የሚተርክ ልብ ወለድ ወጣ። ደራሲዋ መጽሐፉ ሲታተም ገና የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። ብዙዎች የዘመናዊው የወጣቶች ልብ ወለድ መነሻ አድርገው የሚቆጥሩት ይህንን መጽሐፍ ነው። ፋንታሲው የገነነው ግን በ1997 የመጀመሪያው የሃሪ ፖተር መጽሐፍ ለንደን ላይ ከታተመ ወዲህ ነው። ተከታታዩ ከ500 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል፤ ከ80 በሚበልጡ ቋንቋዎችም ተተርጉሟል። የኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ በ2000 ለልጆች መጻሕፍት የተለየ የሽያጭ ሰንጠረዥ እስከማውጣት የደረሰው እነዚህ መጻሕፍት የአዋቂዎቹን ሰንጠረዥ ከላይ ይዘው አልወርድ ስላሉ ነው።

አሳታሚዎች ትምህርቱን ወሰዱ። ቀጥሎ ደም የሚመጠው ፍቅረኛ መጣ። ከዚያ ልጆች በአደባባይ እንዲገዳደሉ የሚፈረድባቸው የወደፊት ዓለም ታሪኮች ተከተሉ። ሁሉም ፊልም ሆኑ። በ2012 የወጣ አንድ የአሜሪካ የገበያ ጥናት ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር አሳየ፤ የወጣቶች ተብለው ከሚሸጡት መጻሕፍት ገዢዎች 55 በመቶው ዕድሜያቸው 18 እና ከዚያ በላይ ነበር። ይህ ቁጥር ወደኋላ ላይ ለምናነሳው ጉዳይ ቁልፍ ነው። ገዢው አዋቂ ከሆነ ይዘቱም ወደ አዋቂው ማዘንበሉ አይቀርም።

መጽሐፉ ከተማ ዳር እንዴት ደረሰ?

ጉዳዩ መላውን አዲስ አበባ ይመለከታል። ዳር ላይ ባሉት የኮንዶሚኒየም ሠፈሮች ግን መልኩ ይለያል።

መጻሕፍት ያሉት መሀል ከተማ ነው። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመው ወመዘክር መሀል ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. የተከፈተው ግዙፉ አብርሆት ቤተ መጻሕፍትም አራት ኪሎ ነው። የአሮጌ መጽሐፍ ነጋዴዎቹም አራት ኪሎና ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ ይገኛሉ። ከኮዬ ፈጬ ወይም ከቱሉ ዲምቱ ተነስቶ አራት ኪሎ ደርሶ ለመመለስ ታክሲ መቀያየር፣ ሰልፍ መቆም፣ ቅዳሜን መሠዋት ይጠይቃል። የ14 ዓመት ልጅን ብቻውን የሚልክ ወላጅም ጥቂት ነው። ኮንዶሚኒየሙ ሥር ያሉት የጽሕፈት መሣሪያ ሱቆች ደብተርና እስክሪብቶ፣ ሲበዛ ደግሞ የማትሪክ ጥያቄና መልስ ነው የሚሸጡት።

ዋጋም አለ። የውጭ ምንዛሪ ሥርዓቱ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ከውጭ የሚመጣ ነገር ሁሉ ተወደደ። መጽሐፍም አልቀረለትም፤ አገር ውስጥ የሚታተመውም ቢሆን ወረቀቱ የሚመጣው ከውጭ ነው። በአንጻሩ አንድ ሙሉ ልብ ወለድ በቴሌግራም ሲወርድ ብዙ ጊዜ ከጥቂት ሜጋባይት አይበልጥም። ጥቂት ደቂቃ ቪዲዮ ከማየት ያነሰ ዳታ ይበላል። ስለዚህ መንገዱ እንዲህ ነው፦ ልጅቷ ቲክቶክ ላይ ስለ መጽሐፉ የሚያለቅስ ሰው ታያለች፣ ስሙን ቴሌግራም ላይ ትፈልጋለች፣ ፋይሉ ይመጣል፣ ለጓደኞቿ ትልካለች። በአንድ ቀን ሙሉ ክፍሉ ይዳረሳል።

ንባቡ ራሱ ምን እንደሚመስል ማየት ያስፈልጋል። ፒዲኤፍ የተዘጋጀው ለወረቀት ገጽ ነው። በትንሽ ስልክ ሲከፈት ፊደሉ ጤፍ ያክላል። በሁለት ጣት ይሰፋል፤ ሲሰፋ የመስመሩ ጫፍ ከስክሪኑ ይወጣል። አንባቢው ገጹን ወደ ግራ ገፍቶ የመስመሩን መጨረሻ ያነባል፣ ወደ ቀኝ መልሶ ቀጣዩን መስመር ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ መስመር ይስታል። መስታወቱ የተሰነጠቀ ስልክ ከሆነ ስንጥቁ ያለበትን ቦታ ለመዝለል ገጹን ከፍ ዝቅ ያደርጋል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው የትምህርት ቤት ሰርቪስ ውስጥ እየተንገጫገጨ ወይም መብራት ጠፍቶ ቤቱ ሲጨልም ነው። በዚህ ሁኔታ 500 ገጽ የጨረሰን ልጅ ሰነፍ ወይም ትዕግሥት የለሽ ማለት አይቻልም። «የዛሬ ልጅ አያነብም» የሚለው አባባል በብዙ ቤቶች ከእውነታው ጋር አይገጥምም።

ልብ የሚሰቅለው ምኑ ነው?

አሠራሩ ምስጢር የለውም። ባለታሪኳ ብዙ ጊዜ የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ናት። «እኔ» እያለች፣ ሁሉም ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ አድርጋ ትተርካለች። ምዕራፎቹ አጭር ናቸው። እያንዳንዱ ምዕራፍ በር ሲንኳኳ ወይም ሰይፍ ሲመዘዝ ያልቃል። «አንድ ምዕራፍ ብቻ» ብሎ የጀመረ ልጅ ሳያውቀው ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ይሆንበታል። መጽሐፉ ሲያልቅ ደግሞ ታሪኩ አያልቅም፤ ሦስት፣ አምስት፣ ሰባት ቅጽ ይቀጥላል።

ከዚህ በታች ግን ጠለቅ ያለ ነገር አለ። በ15 ዓመት ዕድሜ ስለ ልጁ ሕይወት የሚወስነው ሌላ ሰው ነው። የት እንደሚኖር፣ የት እንደሚማር፣ ምን እንደሚያጠና አይጠየቅም። ከፒያሳ ሠፈራቸው ተነስተው ገላን ጉራ የገቡ ቤተሰቦችን ልጆች ማሰብ ይቻላል። ጓደኛ፣ ጎረቤት፣ የለመዱት መንገድ ሁሉ በአንዴ ተለውጧል። የዚህ ዓይነቱ ልብ ወለድ ደግሞ የሚጀምረው በአብዛኛው ከዚያው ነው፤ ልጁ ከሚያውቀው ቦታ ተነቅሎ ወደማያውቀው ዓለም ይገባል፣ መጀመሪያ ይፈራል፣ ከዚያ እዚያ የሚጠቅም አቅም እንዳለው ያገኛል። ይሄን «ከእውነታ መሸሽ ነው» ብሎ ማጣጣል ቀላል ነው። ለአንባቢው ግን የሚያውቀው ስሜት ስም ሲሰጠው የሚያይበት ቦታ ነው። በዚህ ላይ የዘርፉን ደራሲዎች አከብራቸዋለሁ። የወጣትን ፍርሃት እንደ ቀልድ አያዩም።

እንግሊዝኛውስ?

የጥቅሙ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚቆመው እዚህ ላይ ነው። እኛ አገር ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ትምህርት የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። ማትሪኩም በእንግሊዝኛ ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። የውጤቱ ምክንያት ብዙ ነው፤ ጥያቄውን አንብቦ በቅጡ አለመረዳት አንዱ እንደሆነ ግን የሚያስተምር ሁሉ ያውቃል።

ታዲያ ልብ ወለድ ይረዳል? በሁለተኛ ቋንቋ ንባብ ላይ ከተሠሩት ጥናቶች በጣም የሚጠቀሰው ፊጂ ላይ የተደረገው ነው፤ ውጤቱ የታተመው በ1983 እ.ኤ.አ. ነው። የገጠር ትምህርት ቤቶች ለየክፍሉ 250 ያህል የሚማርኩ የእንግሊዝኛ ታሪክ መጻሕፍት ተሰጣቸው። ከስምንት ወር በኋላ ልጆቹ በንባብና በማዳመጥ ያሳዩት ዕድገት ከተለመደው እጥፍ ሆኖ ተገኘ። ልብ ማለት ያለብን «የሚማርኩ» የሚለውን ነው። ልጁ ገጹን የሚገልጠው ቀጥሎ የሚሆነውን ለማወቅ ስለጓጓ ነው፤ ቋንቋው ሳያስበው ይገባል።

ጥያቄው ግን እዚህ አያልቅም። በቋንቋ ትምህርት የታወቀ አንድ መለኪያ አለ። አንባቢ ያለ ረዳት ጽሑፍ ለመረዳት ከ100 ቃል 98ቱን ያህል ማወቅ አለበት። ለተራ ልብ ወለድ ይህ ማለት ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰቦችን (አንድን ቃል ከነእርባታዎቹ እንደ አንድ ቆጥሮ) ማወቅ ነው። የወጣቶች መጽሐፍ ከአዋቂው ቀለል ይላል። ሆኖም ከመንግሥት ትምህርት ቤት ለወጣ፣ እንግሊዝኛን በሳምንት ጥቂት ክፍለ ጊዜ ብቻ ለሚያገኝ ልጅ አሁንም ግድግዳ ነው። አንድ ብሎክ ላይ ሁለተኛ ፎቅ ያለችው የግል ትምህርት ቤት ተማሪ አምስተኛ ቅጽ ላይ ስትደርስ፣ አራተኛ ፎቅ ያለው እኩያዋ የመጀመሪያውን ገጽ አልፎ መሄድ ያቅተዋል። በአንድ የፎቅ ደረጃ ላይ እየተጫወቱ ያደጉ ልጆች በዚህ ይለያያሉ። «ማንበብ ለሁሉም ነው» የሚለው ወገን ይህን ልዩነት አያነሳውም።

ሌላው ተቃውሞ «ሰይፍ፣ ዙፋን፣ ጋሻ የሚሉ ቃላት ለፊዚክስ ምን ይጠቅማሉ?» የሚል ነው። ግማሹ ትክክል ነው። የሳይንስ ቃላት ከልብ ወለድ አይገኙም። ነገር ግን ተማሪውን ፈተና ላይ የሚጥሉት ሁልጊዜ የሳይንስ ቃላት አይደሉም። «ካልሆነ በስተቀር»፣ «ምንም እንኳ»፣ «በዚህም የተነሳ» የሚለውን የሚያስተላልፉት ማያያዣዎችና ረጃጅም ዓረፍተ ነገሮች ናቸው። እነዚህ ደግሞ በሺህ የሚቆጠር ገጽ ባነበበ ሰው ጆሮ ውስጥ ይቀመጣሉ።

የሚያናድደው ነገር

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ከአሥር መጽሐፍ በኋላ አሥራ አንደኛውን ሳይከፍቱ ማወቅ ይቻላል። ልጅቷ ተራ ነኝ ትላለች፤ ተራ አይደለችም። ወላጆቿ ሞተዋል ወይም ማን እንደሆኑ አልተነገራትም። ሁለት ወንዶች ይወዷታል፤ አንዱ ደግ ነው፣ ሌላው ክፉ ይመስላል። የምትመርጠው ክፉ የሚመስለውን ነው። እርሱም በመጨረሻ ክፉ ሳይሆን የቆሰለ ሰው ሆኖ ይገኛል። ይህ የመጨረሻው ነገር ያሳስበኛል። የሚያስፈራራን፣ የሚቆጣጠርን፣ ሴትን ልጅ ያለ ፈቃዷ የሚያስርን ወንድ «ውስጡ ግን ደግ ነው» ብሎ የሚያሳይ ታሪክ በ14 ዓመት ልጅ ፊት ሲደጋገም እንዲሁ በዋዛ የሚያልፍ አይመስለኝም። አንድ መጽሐፍ ሰው አያበላሽም። አሥር መጽሐፍ አንድ ነገር ሲደጋግም ግን ልጅቷ «ፍቅር እንዲህ ነው» ብላ ልትወስደው ትችላለች።

ሁለተኛው ፖለቲካው ነው። በእነዚህ መጻሕፍት ውስጥ ጨካኝ ንጉሥ አለ፣ አመጽ ይነሳል፣ የ17 ዓመት ልጆች ቤተ መንግሥቱን ይይዛሉ፣ መጽሐፉ ያልቃል። በማግሥቱ እህል ማን እንደሚያከፋፍል፣ ያ የተሸነፈው ወታደር የት እንደሚገባ፣ ቂሙ እንዴት እንደሚበርድ ጥቂቶቹ ብቻ ናቸው የሚነግሩን። እንደ እኛ ያለ አገር ውስጥ ያደገ አንባቢ ጦርነት ሲያልቅ ምን እንደሚተርፍ ያውቃል። ስለዚህ አንዳንድ የሠፈራችን ወጣት አንባቢዎች «መጨረሻው አላሳመነኝም» ሲሉ ከምዕራባውያኑ እኩዮቻቸው የተሻለ እያነበቡ ነው።

ሦስተኛው መንዛዛቱ ነው። በአንድ ቅጽ የሚያልቀው ወደ ሦስት ይጎተታል፤ ተከታታይ የበለጠ ስለሚሸጥ።

እንዲያም ሆኖ ሁሉንም በአንድ ቅርጫት መክተት ተገቢ አይሆንም። በዘርፉ ጥሩ የሚባሉት መጻሕፍት ኃይል ዋጋ እንደሚያስከፍል ያሳያሉ። አስማቱን የተጠቀመ ሰው አንድ ነገር ያጣል፤ ትዝታውን፣ ጤናውን ወይም የሚወደውን ሰው። ከአፍሪካ የተነሱ ጸሐፊዎችም መጥተዋል። እ.ኤ.አ. በ2018 አንዲት ትውልደ ናይጄሪያ አሜሪካዊት የናይጄሪያውን የዮሩባ ሕዝብ እምነትና ትውፊት መነሻ አድርጋ የጻፈችው ልብ ወለድ በኒውዮርክ ታይምስ የወጣቶች ሰንጠረዥ አንደኛ ሆኖ ነው የጀመረው። የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት የማይመስል ቤተ መንግሥት፣ እንደኛው ጠጉራቸው የተጠቀለለ ልጆች ያሉበት ዓለም በዚህ ዘርፍ ገበያ እንዳለው አሳይቷል።

አስማቱና የወላጅ ስጋት

የእምነት ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። የአሜሪካ የቤተ መጻሕፍት ማኅበር ከ2000 እስከ 2009 እ.ኤ.አ. ባሉት ዓመታት «ከመደርደሪያ ይነሳ» የሚል አቤቱታ ከቀረበባቸው መጻሕፍት ሃሪ ፖተርን በአንደኛነት አስቀምጦታል። ብዙዎቹ አቤቱታ አቅራቢዎች ጥንቆላን ያስተምራል ያሉ ሃይማኖተኛ ወላጆች ነበሩ።

እኛ ዘንድ ግን ነገሩ ይከብዳል። ለብዙ ቤተሰብ መተት ፈጠራ አይደለም። ጎረቤት ላይ ደረሰ ተብሎ የሚወራ፣ ጸበል የሚያስኬድ፣ ሰው የሚያጣላ ነገር ነው። ጥንቆላ በክርስትናም በእስልምናም የተወገዘ ነው። ስለዚህ ልጁ «እማዬ፣ ፈጠራ እኮ ነው» ሲል እናትየዋን አያሳርፋትም። ስጋቷን ኋላ ቀርነት ብሎ ማለፍም ጨዋነት አይደለም።

በሌላ በኩል ድንቅ ነገር የሞላበት ትረካ ለእኛ ባዕድ አይደለም። ከአክሱም ነገሥታት በፊት አገሩን የገዛው አርዌ የተባለው ዘንዶ ታሪክ የእኛው ነው። ሌሊት ጅብ ስለሚሆን ሰው ያልሰማ ልጅ የለም። አቡነ አረጋዊ የዘንዶውን ጭራ ይዘው ደብረ ዳሞ አናት ላይ መውጣታቸው በቤተ ክርስቲያን ግድግዳዎች ላይ ተስሏል። ገድል ከልብ ወለድ እኩል ነው ማለቴ አይደለም፤ አማኙ እውነት ብሎ የተቀበለው ነው። ልዩነቱ ግን መነጋገሪያ ሊሆን የሚገባው ነው። በገድሉ ኃይሉ የሚመጣው ከእግዚአብሔር ነው፤ በጸሎትና በጽድቅ ይገኛል። በአብዛኞቹ የወጣት ልብ ወለዶች ኃይሉ በደም የሚወረስ፣ ከራስ ውስጥ የሚወጣ ነው። ማንም አይጸልይም። ማንም አያመሰግንም። ይህን ልዩነት ቁጭ ብሎ ከልጁ ጋር የሚያወራ ወላጅ ፋይሉን ከስልኩ ከሚያጠፋው ወላጅ የበለጠ እምነቱን ያስተላልፋል። የጠፋ ፋይል በደቂቃ ውስጥ ተመልሶ ይወርዳል።

በልብ ወለድ ውስጥ ያለው አስማት ደራሲው ለዚያ ዓለም የሠራው ሕግ ነው። ገልብጦ ሊሞክረው የሚችል ሰው የለም። የ12 ዓመት ልጅ ይህን መለየት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

ዕድሜው ያልተጻፈበት ፋይል

አሁን ብዙ ወደማይነገርለት ጉዳይ ደረስን። መጽሐፍ መደብር ውስጥ የልጆች፣ የወጣቶችና የአዋቂዎች መደርደሪያ ይለያያል። ሻጩም ዝም አይልም፤ «ይሄ ላንቺ አይሆንም» ሊል ይችላል። ቴሌግራም ላይ ግን ያለው የፋይል ስም ብቻ ነው። መደርደሪያው ጠፍቷል።

ይህ ለምን ይከብዳል? ገበያው ራሱ ስለተንሸራተተ ነው። ሮማንታሲ የሚባል ስያሜ አለ፤ የፍቅር ታሪክና ፋንታሲ የተቀላቀሉበት ነው። ኒው አደልት የሚባልም አለ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. አንድ አሜሪካዊ አሳታሚ ያስተዋወቀው ሲሆን ከ18 ዓመት በላይ ላሉ አንባቢዎች የታሰበ ነው። ሁለቱም ብዙ ጊዜ በግልጽ የተጻፉ የአልጋ ትዕይንቶች አሏቸው። ሽፋናቸው ግን ከወጣቶቹ አይለይም፤ አበባ፣ ዘውድ፣ ሰይፍ። በጣም ከታወቁት ተከታታዮች አንዱ በ2015 ሲወጣ የወጣቶች መደርደሪያ ላይ ነበር። በ2020 ሽፋኑ ተቀይሮ የአዋቂዎች ተብሎ ወጣ። ውስጡ ያው ነው። አሳታሚው መደርደሪያውን ሲያስተካክል የካ አባዶ ያለችው ልጅ ስልክ ላይ ያለው ፋይል አልተስተካከለም።

ስለ አስማቱ በስብሰባ ላይ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገር ወላጅ ስለዚህኛው ዝም ይላል። ነውር ስለሆነ ነው። ልጅቷም ዝም ትላለች፤ በተመሳሳይ ምክንያት። በዚህ መሀል የ13 ዓመት ልጅ ለ25 ዓመት ሰው የተጻፈ ነገር ብቻዋን ታነባለች። ደንግጣ ይሁን፣ ግራ ገብቷት ይሁን የሚጠይቃት የለም። «የፈለጉትን ያንብቡ» ከሚለው ወገን የምለየው በዚህ ነው።

መፍትሔው የስለላ ሥራ አይጠይቅም። የመጽሐፉን ርዕስ ኢንተርኔት ላይ ጽፎ ለስንት ዓመት እንደሚመከር ማየት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። እንግሊዝኛ የማይሆንለት ወላጅ ታላቅ እህትን ወይም የሠፈር ዩኒቨርሲቲ ተማሪን መጠየቅ ይችላል።

የአማርኛው መደርደሪያ ለምን ባዶ ሆነ?

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ የታተመው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ነው። የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ጦቢያ ነው። ባለታሪኮቹ መንትያ ወጣቶች ናቸው። ወንድሟ ሲጠፋ ልጅቷ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር ፍለጋ ትወጣለች። ዛሬ ቢጻፍ አሳታሚው ያለ ጥርጥር የወጣቶች መደርደሪያ ላይ ያስቀምጠው ነበር። ጅማሬያችን እንዲህ ነበር።

ዛሬ ግን መሀሉ ክፍት ነው። ለትንንሽ ልጆች የተረት መጻሕፍት አሉ። ከዚያ በአንድ ዝላይ የአዋቂ ልብ ወለድ ውስጥ ይገባል። ከ12 እስከ 18 ላለው አንባቢ የሚጻፈው ጥቂት ነው። በምናባዊው ዘርፍ ሙከራዎች አሉ፤ መደርደሪያ የሚሞሉ ግን አይደሉም።

ምክንያቱ የደራሲ እጥረት አይመስለኝም። ብዙ ደራሲ መጽሐፉን የሚያሳትመው በራሱ ገንዘብ ነው። የወረቀት ዋጋ በየጊዜው ይጨምራል። ገንዘቡን ቶሎ ለመመለስ ደመወዝ ላለው አንባቢ መጻፍ አለበት፤ የ15 ዓመት ልጅ ደመወዝ የለውም። ታትሞ ከወጣ በሳምንቱ ገጹ በስልክ ተነስቶ ፒዲኤፍ ይሆናል። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለ፤ አንድ የቴሌግራም ቻናል ተከታትሎ ፍርድ ቤት የሚያቀርብ ደራሲ ግን ጊዜውም ገንዘቡም የለውም። እነዚያው የንባብ ፍቅር ያስፋፉት ቻናሎች የአማርኛውን ደራሲ ያከስራሉ። ለለንደኑ አሳታሚ የኮዬ ፈጬ ፒዲኤፍ ኪሳራው አይታወቀውም። ሁለት ሺህ ቅጂ ላሳተመ የእኛ ሰው ግን የሚቀጥለውን መጽሐፍ ያስቀረዋል።

የመደርደሪያው ባዶነት የሚያስከትለው ነገር ከወዲሁ ይታያል። ልጆቹ መጻፍ ጀምረዋል። ዋትፓድ የሚባለው የታሪክ መጻፊያ መተግበሪያ ላይና ቴሌግራም ላይ ምዕራፍ በምዕራፍ ይለቃሉ። አብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ የጀግኖቹ ስም የፈረንጅ ነው፣ በረዶም ይዘንባል። አማርኛ ሲሆንም ብዙ ጊዜ በላቲን ፊደል ነው። ፍቅርን፣ ንዴትን፣ ፍርሃትን የሚገልጹበት ቃል መጀመሪያ የሚመጣላቸው በእንግሊዝኛ ነው። ያነበቡት በዚያ ቋንቋ ስለሆነ ልንፈርድባቸው አንችልም።

ከዚህ በኋላ

ባለው አያያዝ ከቀጠለ ሁለት ነገር የሚሆን ይመስለኛል። ከእነዚህ አንባቢዎች ገሚሶቹ ወደ ሌላ ሥነ ጽሑፍ ይሻገራሉ፤ ቀመሩ ሲሰለቻቸው የተሻለ ይፈልጋሉ። የቀሩት ዩኒቨርሲቲ ሲገቡ ያቆማሉ። የትኛው እንደሚበዛ የሚወስነው ቀጥሎ የሚያነቡትን የሚያቀብላቸው ሰው መኖር አለመኖሩ ነው። መሀል ከተማ ይህ ሰው መጽሐፍ ሻጩ ሊሆን ይችላል። ዳር ላይ ከአማርኛ መምህሩና ከእንግሊዝኛ መምህሯ ሌላ የለም።

ትምህርት ቤቶች ያለ ብዙ ወጪ ሊጀምሩት የሚችሉት ነገርም አለ። በየትምህርት ቤቱ ሚኒ ሚዲያ አለ። ጠዋት ሰልፍ ላይና በእረፍት ሰዓት ድምፅ ማጉያው ክፍት ነው፤ ብዙ ጊዜ ጥቅስና ማስታወቂያ ነው የሚነበብበት። በሳምንት አንድ ቀን አንድ ተማሪ ያነበበውን መጽሐፍ በአማርኛ ቢተርክበት፣ ምኑን እንደወደደ ምኑ እንዳላሳመነው ቢናገር፣ እንግሊዝኛው ከብዶት የመጀመሪያውን ገጽ ማለፍ ያቃተው የአራተኛ ፎቁ ልጅም ታሪኩን ይሰማል። የሚተርከው ልጅ ለዘንዶውም፣ ለዙፋኑም፣ ለፍቅሩም የአማርኛ ቃል መፈለግ ይኖርበታል። መምህሩም ተማሪዎቹ ምን እያነበቡ እንደሆነ ያውቃል፤ ለየትኛው ክፍል የማይሆን መጽሐፍ እየተዳረሰ እንደሆነም ቶሎ ይደርስበታል።